በአሮጌው ድራማ ውስጥ ያገኘነው ስም

ዐውደ ዓመት በመጣ ቁጥር ቤተ ሰብን ከአንድ ጣራ ሥር የሚሰበስቡ ነገሮች ብዙ ናቸው። ዶሮ ወጡ፣ ድፎ ዳቦው፣ ጠላው፣ ቄጠማው፣ አደይ አበባውና የቡናው ጢስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥሪ አላቸው። ካለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በእነዚህ ላይ አንድ ተጨምሯል፤ እርሱም ቴሌቪዥን ነው። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ መጀመሪያ በጥቂት ባለጸጎች ሳሎን፣ ቀጥሎም በጎረቤት ቤት፣ ኋላም በየቤታችን እየገባ፣ የበዓልን ከሰዓት በኋላ ከእኛ ጋር የሚያሳልፍ እንግዳ ሆኗል።

የዛሬ ዓመት በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ግን በቤታችን የታየው የተለመደው የበዓል ዝግጅት አልነበረም። ከለንደን ለበዓሉ የመጣ አንድ ዘመዳችን፣ እኛ ሳንወለድ የተሠሩ የውጭ አገር ድራማዎችን ጣት በምታህል ፍላሽ ቋጥሮ አምጥቶልን ነበር። ወላጅ እናታችን፣ «አዲሱን ዓመት በአሮጌ ድራማ ልትቀበሉት ነው?» ብለው ቢቀልዱብንም፣ ከምሳ በኋላ ሁላችንም ተሰብስበን መመልከት ጀመርን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናታችን፣ ከአርባ የዘለልነው እኛ፣ ገና ትምህርት ቤት ያሉት ልጆቻችን ሦስት ትውልድ ሆነን ተቀመጥን። የቤት ሠራተኛችንም ቡናውን አፍልታ ከጨረሰች በኋላ፣ ሳሎኑንና ጓዳውን በሚያገናኘው በር ሥር ቆማ ትመለከት ነበር። በሳሎኑ ውስጥ ወንበር አልጠፋም፤ ተቀመጪ ያላት ግን አልነበረም። ይህን ያኔ ልብ አላልነውም።

አንድ ድራማ በተሠራበት ዘመን የሚነግረን ደራሲው ሊነግረን የፈለገውን ነው። ከሃምሳና ከስድሳ ዓመት በኋላ ሲታይ ግን ደራሲው ሊነግረን ያላሰበውንም ይነግረናል። የዚያ ዘመን ሰው በምን ያፍር እንደ ነበር፣ በምን ደግሞ ፈጽሞ የማያፍር እንደ ነበር ሳይሸሽግ ያሳያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በእነዚያ የበዓል ቀናት ካየናቸው ድራማዎች መካከል አራቱን አንሥተን፣ የሰው አመለካከት ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደ ተለወጠ ለማመልከት፣ ከዚያም በራሳችን ሳሎን የገጠመንን ለአንባብያን ለማካፈል ነው።

የተከለከለው ቃልና ያልተከለከለው ዱላ

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1957 የታየው «ሉሲን እወዳታለሁ» የተሰኘው አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነበር። ዋና ተዋንያኑ ሉሲል ቦልና ዴሲ አርናዝ በእውነተኛው ሕይወታቸውም ባልና ሚስት ነበሩ። ዴሲ በትውልዱ ኩባዊ በመሆኑ፣ የአንዲት ነጭ አሜሪካዊት ባል ሆኖ ቢታይ ተመልካቹ አይቀበለውም በማለት የቴሌቪዥን ድርጅቱ መጀመሪያ ሠግቶ ነበር። ተመልካቹ ግን ወደዳቸው።

እ.ኤ.አ. በ1952 ሉሲል ቦል ፀነሰች። እርግዝናዋም ሳይደበቅ በድራማው ታሪክ ውስጥ እንዲገባ ተወሰነ። ዳሩ ግን የሴትን መፅነስ በግልጽ የሚናገረው የእንግሊዝኛ ቃል በድራማው ውስጥ እንዳይነገር ተከለከለ። በምትኩ «ልጅ ትጠብቃለች» የሚለው ለስለስ ያለ አነጋገር ተፈቀደ። ጽሑፉም ነውር እንዳይኖርበት አንድ የካቶሊክ ቄስ፣ አንድ የፕሮቴስታንት ፓስተርና አንድ የአይሁድ ረቢ አስቀድመው እንዲያነቡት ተደረገ። የሚያስገርመው፣ ሦስቱም የሃይማኖት ሰዎች አንዳች ነውር አላገኙበትም፤ ከእነርሱ ይልቅ የፈራው የንግድ ድርጅቱ ነበር። በድራማው የሉሲ ልጅ የተወለደበት ክፍል እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 1953 ሲተላለፍ 44 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። ይህም በማግሥቱ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን በዓለ ሢመት በቴሌቪዥን ካየው ሕዝብ የሚበልጥ ነበር።

እናታችን ይህን ታሪክ ስንነግራቸው እምብዛም አልተደነቁም። በእኛም አገር ቢሆን ጨዋ ሰው «እርጉዝ» ከማለት ይልቅ «ነፍሰ ጡር» ማለትን ይመርጥ እንደ ነበር አስታወሱን። ሁላችንንም ያስደነቀን ግን ሌላ ነገር ነበር። በዚሁ ድራማ በአንዳንዶቹ ክፍሎች ባልዬው ሚስቱ ባጠፋች ጊዜ እንደ ሕፃን በጉልበቱ ላይ አስተኝቶ በእጁ ይመታታል። በቀረጻው አዳራሽ የነበረው ታዳሚም ከት ብሎ ይስቃል። ትንሿ ልጃችን ወደ እኛ ዞር ብላ፣ «አባባ፣ ምኑ ነው የሚያስቀው?» ስትል ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም።

ልብ እንበል። ስለ አንዲት ቃል ሦስት የሃይማኖት ሰዎች ሲጠየቁ፣ ስለ ዱላው ማንም እንዲጠየቅ አላስፈለገም። ቃሉ ነውር ሲባል ዱላው ሣቅ ነበር። ይህንም ስንል በአሜሪካኖች ላይ ለመፍረድ አይደለም። ሴትንና አህያን አስተካክሎ ዱላ ይወዳሉ የሚል ተረት ያለን እኛ ነን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ ነበር፤ ባልና ሚስት ቤተ ሰባቸውን በእኩልነት እንዲመሩ የተደነገገው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ነው።

ካቲ የተባለችው ሴት

ሁለተኛው ድራማ ሣቅ የለበትም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 1966 የእንግሊዙ ቢቢሲ «ካቲ፣ ወደ ቤት ነይ» የተባለውን፣ ጄረሚ ሳንድፎርድ ጽፎት ኬን ሎች ያዘጋጀውን ድራማ አቀረበ። 12 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳየው ይነገራል። ካቲና ሬጅ የሚባሉ ወጣት ባልና ሚስት ተጋብተው ኑሮ ይጀምራሉ። ባልየው በሥራ ላይ አደጋ ይደርስበትና ገቢያቸው ይቋረጣል። ከተከራዩት ቤት ወደ ባል እናት ቤት፣ ከዚያ ወደ ፈራረሰ ቤትና ወደ ተጎታች ጎጆ፣ በመጨረሻም ወደ ቤት አልባዎች መጠለያ ይወርዳሉ። የመጠለያው ደንብ ባልን ስለማያስገባ፣ እናትና ልጆች በአንድ ወገን፣ አባት በሌላ ወገን ይለያያሉ። ፍጻሜው በባቡር ጣቢያ ነው፤ በዚያም የመንግሥት ሠራተኞች ልጆቿን ከካቲ እጅ ይነጥቋቸዋል።

በዚያ ዘመን ቤት የሌለው ሰው ሰነፍ ወይም ሰካራም ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ ነበር። ባልን ከሚስት የሚለየው ደንብም እንደ ተራ የጽሕፈት ቤት አሠራር ይቆጠር ነበር። ድራማው ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ «ቤት አልባዎች» በሚለው የጅምላ መጠሪያ ፈንታ «ካቲ» የሚል ስም አስቀመጠ። አስቀድሞ ሲዘጋጅ የቆየው «ሼልተር» የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ድራማው በታየ በሁለት ሳምንቱ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1966 ሥራውን ሲጀምር፣ የሕዝቡ ልብ ተከፍቶ ጠበቀው። በተከታዩ ዓመት ደግሞ «ክራይሲስ» የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። አንዳንድ የከተማ አስተዳደሮችም ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በመጠለያ እንዲቆዩ ፈቀዱ። የቤት ችግሩ አልጠፋም፤ ይሁን እንጂ አባትን ከልጆቹ መለየት ተራ ነገር ነው ብሎ ለመናገር ከዚያ በኋላ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ስም ያለውን ኃይል በዚህ ድራማ ቀምሰናል። ስምን መንጠቅ ምን እንደሚመስል ያየነው ግን በሦስተኛው ነው።

በፊት ለፊቱ በር የመጣችው ልጅ

ይህ ሦስተኛው «ላይ ቤትና ታች ቤት» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው የእንግሊዝ ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1971 እስከ ታኅሣሥ 1975 በ68 ክፍሎች ታይቷል። ሐሳቡን ያመነጩት ጂን ማርሽና አይሊን አትኪንስ የተባሉ ሁለት ተዋንያት ሲሆኑ፣ ሁለቱም ወላጆቻቸው በባለጸጋ ቤት አገልግለው የሚያውቁ ነበሩ። እስከዚያ ዘመን ድረስ በአብዛኞቹ ድራማዎች አገልጋይ ማለት ሻይ አቅርቦ የሚወጣ፣ ከ«እሺ ጌታዬ» በቀር ቃል የሌለው ሰው ነበር። እነርሱ ግን ከታሪኩ እኩሌታውን ለታችኛው ክፍል፣ ለወጥ ቤቱ ሰጡት። ቤላሚ የተባለው የመኳንንት ቤተ ሰብ በለንደን፣ ኢተን ፕሌስ በሚባለው ሰፈር በላይኞቹ ፎቆች ሲኖር፣ አሳላፊው ሃድሰን፣ ወጥ ቤቷ ሚስስ ብሪጅስና ገረዷ ሮዝ ሥራቸውን የሚሠሩት ከታች ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1930 ያለውን ዘመን ይሸፍናል፤ በዚያ ዘመን መባቻ በብሪታንያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በሰው ቤት አገልጋይነት ይተዳደሩ ነበር።

በመጀመሪያው ክፍል አንዲት ወጣት ሥራ ፍለጋ ትመጣና የፊት ለፊቱን በር ታንኳኳለች። አገልጋይ የምትገባው በታች በኩል ባለው በር መሆኑ ተነግሯት ትመለሳለች። ቀጥሎም በእመቤቲቱ ፊት ቆማ ስሟ ክሌማንስ እንደሆነ ትናገራለች። እመቤቲቱ አይቆጡም፣ አይሳደቡም። እንዲህ ያለው ስም ለገረድ የሚሆን አለመሆኑን በረጋ ድምፅ ገልጸው፣ ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ሣራ ነው ይሏታል። በቃ፤ ጉዳዩ በዚሁ ያበቃል፤ ወደ ሥራዋ ትሰማራለች።

ሳሎናችን ጸጥ አለ። ሠራተኛችን እንግሊዝኛ ስለማትሰማ ታላቂቱ ልጃችን እየተረጎመችላት ነበር። ልጅቱ ክሌማንስ መባሏ ቀርቶ ሣራ እንደ ተባለች ስትነግራት፣ በሩ ላይ የቆመችው ሠራተኛችን ሣቀች። ከመካከላችን የሣቀችው እርሷ ብቻ ነበረች።

ታላቂቱ ልጃችንም ጥቂት አሰብ አድርጋ ወደ አያቷ ዞረችና፣ «እማማ፣ የእርሷ እውነተኛ ስም ማን ነው?» አለች።

ነገሩን ለአንባብያን በግልጽ መናገር ይገባናል። ይህች ልጅ ወደ ቤታችን ከመጣች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። በመጣችበት ዕለት ስሟን ተናግራለች። ነገር ግን ስሟ ረዘም ያለ፣ ለጆሯችንም ያልተለመደ ሆነብን። ከእርሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ስም ደግሞ አጭርና የለመድነው ነበር። ስለዚህ የሄደችውን ልጅ ስም ለመጣችው ልጅ አወረስናት። ሽርጡንና ፍራሹን እንዳወረስናት ሁሉ ማለት ነው። ማንም በክፋት አላደረገውም። በብዙ ቤት የሚደረግ ነገር ስለ ሆነ እንደ ማናቸውም የቤት ልማድ ተቆጠረ። እነሆ ከሦስት ዓመት በኋላ ከነበርነው ሰዎች መካከል አንድም እንኳ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ አልተገኘም። እናታችን፣ «እንዴ፣ ሌላ ምን ስም አላት?» አሉ። ልጅቱም ሲኒዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

እንግዲህ የ1971ዱ ድራማ የ1903 ሰዎችን ሊያሳየን ተሠርቶ ሳለ፣ ያሳየን የራሳችንን ሳሎን ሆነ።

ቶቢ ወይስ ኩንታ ኪንቴ

በማግሥቱ ያየነው «ሥሮች» የተባለውን የአሜሪካ ድራማ ነው። ይህንንስ አስቀድመን እናውቀዋለን። በተማሪነታችን ጊዜ በአንድ የሰፈር ቪዲዮ ቤት፣ በእንጨት አግዳሚ ተጨናንቀን አይተነዋል። አሌክስ ሄሊ እ.ኤ.አ. በ1976 ካሳተመው መጽሐፍ የተወሰደ ሲሆን፣ ከጋምቢያ ተይዞ ወደ አሜሪካ በባርነት የተጋዘውን የኩንታ ኪንቴንና የልጅ ልጆቹን ታሪክ ይተርካል። ኤቢሲ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከጥር 23 እስከ 30 ቀን 1977 ድረስ በስምንት ተከታታይ ሌሊቶች አሳየው። ጣቢያው እንዲህ አከታትሎ ማሳየቱ ከፊል ምክንያት ሥጋት ነበር፤ ተመልካች ካጣ ኪሣራው ቶሎ እንዲያልቅ ነው። የተገላቢጦሹ ሆነና የመጨረሻውን ክፍል 100 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተመለከተው። ሄሊ የራሱ የዘር ሐረግ ነው ብሎ ያቀረበውን የታሪክ ተመራማሪዎች በኋላ ተጠራጥረውታል፤ ከሌላ ደራሲ ሥራ ወስዷል ተብሎም በፍርድ ቤት ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ1978 በስምምነት ጨርሷል። ይሁን እንጂ ስለ ባርነት የነጭም የጥቁርም ቤተ ሰብ በአንድነት ተቀምጦ እንዲያይና እንዲነጋገር ያደረገ ሥራ መሆኑን የካደ የለም።

በወጣትነታችን ከዚህ ድራማ በአእምሯችን የቀረው ጅራፉ ነበር። ኩንታ ኪንቴ ታስሮ ይገረፋል፤ የሚገረፈውም ሰርቆ ወይም ገድሎ አይደለም። ጌታው ያወጣለትን «ቶቢ» የሚለውን ስም እንዲቀበል ነው። ስምህ ማን ነው ሲባል የአባቱን ያወጣለትን ስም ይናገራል፤ እንደገና ይገረፋል። በመጨረሻ ድምፁ እየሰለለ ቶቢ ነኝ ይላል። ያኔ በቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ያለቀሰ ብዙ ነበር።

ዘንድሮ ስናየው ዓይናችን ያረፈው በሌላ ነገርም ላይ ነው። በመርከቡ ላይ ኅሊናው የሚወቅሰው፣ የሚጨነቅ ነጭ ካፒቴን አለ። የዚያ ዘመን አዘጋጆች ነጩ ተመልካች እንዳይሸሽ፣ አንድ የሚያዝንለት የራሱ ወገን እንዲያገኝ ብለው ያሰፉት ገጸ ባሕርይ ነው። በወጣትነታችን ይህን ሰው ደግ ሰው ብለን አልፈነው ነበር። አሁን ግን ልብ አልን፤ ካፒቴኑ ያዝናል፣ ያዝናል፤ መርከቡ ግን ጉዞውን አላቋረጠም። የተጨነቀ ኅሊና ሰንሰለት አይፈታም። ደግነት ማለት ማዘን ብቻ መስሎን የኖርን ሰዎች፣ በዚህ ካፒቴን ውስጥ ራሳችንን ማየታችን አልቀረም።

ሌላም ነገር አለ። ድራማው በታየበት ዓመት በአሜሪካ ብዙ ጥቁር ወላጆች ለሴት ልጆቻቸው «ኪዚ» የሚል ስም አወጡ፤ ይህም የኩንታ ኪንቴ ልጅ ስም ነው። ብዙዎችም የአያት የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ፍለጋ ወደ መዛግብት ቤት ሄዱ። ስም የተወሰደበት ሕዝብ መጀመሪያ የሚፈልገው ስሙን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ይቆረጥ ወይስ ይታይ?

አሮጌ ድራማዎች እንደገና በሚታዩበት በዚህ ዘመን፣ ዛሬ ነውር የሆነውን ነገር ምን እናድርገው የሚል ክርክር በየአገሩ ተነሥቷል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 አንድ የቴሌቪዥን ድርጅት «ፎልቲ ታወርስ» ከተባለው እ.ኤ.አ. የ1975 አስቂኝ ድራማ አንዱን ክፍል፣ ዘረኛ ስድብ ስላለበት ከማሳያው አንሥቶት ነበር። ተቃውሞ ሲበዛ ማስጠንቀቂያ ጨምሮበት መለሰው። አንዳንዶች ልጆች እንዳይሰሙት ይቆረጥ ይላሉ፤ ሌሎች ታሪክ አይቆረጥም ይላሉ።

እኛ በቤታችን ካየነው ተነሥተን የምንለው፣ ይታይ ነው። ነገር ግን ብቻ ለብቻ ሳይሆን በጋራ ይታይ። የሉሲ ባል የመታበት ክፍል ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ፣ ልጃችን ምኑ ያስቃል ብላ ባልጠየቀችን ነበር። የክሌማንስ ስም የተለወጠበት ቦታ ቢዘለል ኖሮ፣ እኛም ያልተጠየቅን እንሆን ነበር።

ደግሞም ዘመን ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል ብሎ ማሰብ አይገባም። «ላይ ቤትና ታች ቤት» ውስጥ ሮዝ የቆጠበችውን ገንዘብ የጌቶቿ ልጅ ጄምስ አተርፍልሻለሁ ብሎ ይወስድና እ.ኤ.አ. በ1929ኙ የገበያ ውድቀት ያጠፋዋል። የቤቱ ሰዎች መልካም ቢሆኑም ጥፋታቸው በማን ላይ እንደሚያርፍ አይሸሸግም። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 በታየውና ተመሳሳይ ታሪክ ባለው «ዳውንተን አቢ» በተባለው ድራማ ግን ጌቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የዋሃንና አዛኞች ሆነው ቀርበዋል። አዲሱ ከአሮጌው ይልቅ ያለፈውን ዘመን ሲያሳምረው እናያለን። በሌላ በኩል ደግሞ በአሮጌዎቹ ውስጥ ያየነውና ዛሬ የጎደለን ነገር አለ፤ ሰዎቹ በማዕድ ዙሪያ ሲቀመጡ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር፤ ዓይናቸውን በእጃቸው ባለ ስልክ ላይ ተክለው አይበሉም። ስለዚህ ከአሮጌ ድራማ ፊት ስንቀመጥ ዳኛ ሆነን ብቻ ሳይሆን ተከሳሽም ሆነን መቀመጥ አለብን። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የዛሬውን ድራማችንን የሚያዩ የልጅ ልጆቻችን፣ እኛ ባላፈርንበት በአንዱ ነገር ማፈራቸው አይቀርምና።

ስሟን ጠየቅናት

በዚያው ምሽት ወደ ጓዳ ገባን። እሳቱን አዳፍና ልትተኛ ነበር። «ስምሽን ንገሪን፤ ከእንግዲህ በስምሽ ልንጠራሽ እንፈልጋለን» አልናት። ቶሎ አልመለሰችልንም። «ጋሼ፣ ግድ የለም፤ ለምጄዋለሁ» አለች። ደግመን ጠየቅናት፤ ነገረችን።

ስሟን በዚህ ገጽ አናወጣውም፤ ይህ የእርሷ ፈቃድ ነው። ነገር ግን ስሟ ለምን እንደ ወጣላት ነግራናለች። በተወለደችበት ዓመት ክረምቱ ዝናብ ነሥቶ ሰንብቶ፣ በተወለደች በሳምንቱ በመዝነቡ አባቷ ያወጣላት ስም ነው። የአንድ መንደር ደስታ ያለበትን ስም ነው ለጆሯችን ረዘመ ብለን የተውነው። የክርስትና ስሟንም ጠየቅናት። ዲያቆን እንደ መሆናችን በጸሎት ጊዜ የብዙ ሰው የክርስትና ስም በወረቀት እየተጻፈ በእጃችን ያልፋል። በአንድ ጣራ ሥር ሦስት ዓመት የኖረችው ልጅ ስም ግን ከዚያ ወረቀት ላይ አንድም ቀን አልነበረም።

ሌላም ነገር ነገረችን። ታላቅ እህቷ ወደ ዐረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ትሠራለች። በዚያም አሠሪዎቿ ስሟን ለውጠው በሌላ ስም ይጠሯታል። ይህን ስትነግረን በእነዚያ አሠሪዎች ልናዝን፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ልንል አፋችንን ከፍተን ነበር። ቃሉ ግን በጉሮሯችን ቀረ።

ስምን መመለስ ብቻውን ብዙ እንዳልሆነ እናውቃለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲወጣ የግል አገልግሎት ሥራን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎ፣ የቤት ሠራተኞች የሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ለብቻው አቆይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም የሥራ ድርጅት ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኛን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ዕረፍትና ክብር ያለው ሰው አድርጎ ያያል። ሕግ እስኪደርስ ድረስ ግን በየቤቱ ያለው ሕግ የባለቤቱ ኅሊና ነው። እንደ መርከቡ ካፒቴን አዝነን ብቻ እንዳንቀር ብለን፣ የሳምንት ዕረፍቷንና የማታ ትምህርቷን ጉዳይ ከእርሷ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ይህንም የምንጽፈው ለመመስገን አይደለም፤ የሦስት ዓመት ዕዳ መክፈል የጀመረ ሰው ምስጋና አይጠብቅምና።

ከሁሉ ይልቅ የከበዳቸው እናታችንን ነው። ሦስት ዓመት የለመደ አንደበት በአንድ ቀን አይመለስም። በማግሥቱ ጠዋት በአሮጌው ስም ጠሯት፤ ወዲያውም በእጃቸው አፋቸውን ያዙና፣ «ይቅር በይኝ ልጄ» ብለው በእውነተኛ ስሟ ደገሙት። እስከ ዛሬም አልፎ አልፎ ይሳሳታሉ። ልዩነቱ፣ አሁን ሲሳሳቱ እርሷ ሣቅ ብላ፣ «እትዬ፣ እርሷማ ሄዳለች» እያለች ታርማቸዋለች።

እነሆ ዓመቱ ዞሮ ዐውደ ዓመት መጣ። ፍላሹ አሁንም በቤታችን አለ፤ ያላየናቸው ክፍሎችም ይቀራሉ። ዘንድሮ ከምሳ በኋላ የምናየውን የመምረጥ ተራ የእርሷ ነው። ከበሩ አጠገብ የነበረውም ወንበር ከቴሌቪዥኑ ፊት ተጠግቷል።